«ጎማ አቃጣይ» ላላችሁን

«ይሄ ሰው መኪናውን ስቶታል! አፍንጫው ወደ ግራ፣ ጉዞው ወደ ቀኝ!» አሉኝ ጋሼ፣ መኪናን በጎኑ የሚያንሸራትቱበትን የድሪፍት ውድድር ሳይ አጠገቤ ተቀምጠው።

ስቶት ቢሆን ኖሮ ግንቡ ላይ ነበር የሚያገኙት፣ ጋሼ። ይኸው ከግንቡ አንድ ክንድ ርቆ አለፈ። ሁለተኛውን ዙር ይጠብቁት፤ እዚያው ክንድ ላይ ያልፋል። የሳተ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይስትም።

ጋሼ ኤንትሬ ፊያት ጭነው ሊማሊሞን የወረዱ ሾፌር ናቸው። ፍሬን ሲግል መኪናን በማርሽ ይዞ ማውረድ ምን እንደሆነ በእጃቸው ያውቁታል። እንዲህ ያለ ሰው የሚወረውረው ነገር ባዶ አይደለምና መልሱም ባዶ መሆን የለበትም።

«እሺ፣ ሙያ ነው ካልክ ተናገር። እጁ ምን ይሠራል? እግሩስ?»

እንናገር እንጂ! ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መንገድ ይምጣ። ሾፌሩ በፍጥነት ይደርስና መሪውን መጀመሪያ ወደ ግራ ይወረውረዋል። የመኪናው ክብደት በአንድ ጎን ይተኛል። ወዲያው መሪውን ወደ ቀኝ ሲመልሰው ያ የተኛ ክብደት ተነሥቶ ወደ ሌላው ጎን ይወረወርና የኋላ ጎማዎች መንገዱን ይለቃሉ። ሌላው ሾፌር ደግሞ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሞተሩን ያስጮህና በድንገት ይለቀዋል፤ ጉልበቱ በአንድ ምት ወደ ኋላ ጎማ ሲደርስ ጎማው መያዝ ያቅተዋል። ሦስተኛው የእጅ ፍሬን ይስባል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም ችኩል ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ በየመንገዱ ዳር የተገለበጡትን አይተናል። ሙያው የሚጀምረው ኋላው ከለቀቀ በኋላ ነው።

ኋላው ወደ ውጭ ሲሸሽ መሪው ወደ ተቃራኒው ይዞራል። መኪናው ወደ ቀኝ እየታጠፈ የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ያያሉ። ቀኝ እግሩ ነዳጅ ላይ ነው፤ ጥቂት ቢያንስ ጎማው መንገዱን በድንገት መልሶ ይይዝና መኪናውን ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ጥቂት ቢበዛ መኪናው ዞሮ ወደ መጣበት ያያል። ግራ እግሩ በዚያው ቅጽበት ፍሬኑን ይነካል፤ ፍጥነቱን ይቆርጣል፣ ሽርተታውን ግን አይቆርጥም። ዓይኑ ደግሞ ከኮፈኑ በላይ አይደለም ያለው፤ የሚሄድበትን የሚያየው በጎን መስኮት ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍበታል። አሁን ያን ሁሉ ክብደት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መገልበጥ አለበት፤ በግልበጣው መካከል መሪው በእጆቹ መዳፍ ውስጥ ራሱ ይሽከረከራል፣ እሱም በትክክለኛው ቦታ ላይ ይይዘዋል። ቀደም ብሎ ቢይዘው መኪናው ቀጥ ይላል፤ ዘግይቶ ቢይዘው ይዞራል።

«ይልቅ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኩ። «ኤንትሬው በዝናብ ቢንሸራተት መሪውን ወዴት ነበር የሚያዞሩት?»

«ኋላው ወደሸሸበት ነዋ! ሌላ ምን መድኃኒት አለው?»

መድኃኒቱን ነው እሱ በየመታጠፊያው የሚውጠው። እርስዎ ተገደው ያደረጉትን እሱ ወዶና ለክቶ፣ ዳኛ ፊት ያደርገዋል። ዕውቀቱ አንድ ነው፣ ጋሼ። ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ «ወንበርህን ጠጋ አድርግ፣ አልታየኝም» አሉ።

ሁለተኛው ነገር ወርዋሪ ፎርሙላ ዋን ሲጀምር ስልኩን የሚያጠፋ ጓደኛዬ ነው። «ሾፌር ማለት ቀድሞ የገባ ነው። በጎኑ የሄደ ምንድነው? ፎርሙላ ዋን ላይ አንዱን አስቀምጠውና እንየው!»

ተቀምጦ አየነው፣ ወንድሜ! ድሪፍትን ጀመረ የሚባልለት ሰው ኩኒሚትሱ ታካሃሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓኑ የፉጂ ውድድር ላይ ያንኑ የምታመልክበትን ፎርሙላ ዋን ነድቶ 9ኛ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ በ1961 ሆክንሃይም ላይ በ250 ሲሲ ሆንዳ ሲያሸንፍ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። በመኪና ሲመጣ መታጠፊያ ውስጥ ማንም በማይደፍረው ፍጥነት እየገባ ኋላውን እያንሸራተተ ይወጣ ነበር። ተመልካቹ በዚህ አበደ። ካበዱት አንዱ የናጋኖ ተራሮች ልጅ ኬይቺ ጹቺያ ነው፤ ዓለም በኋላ «የድሪፍት ንጉሥ» ያለው።

«ንጉሥ የሚባል ስም ማንም ያወጣል። ምን አሸነፈ?»

«ለማን» የተባለውን የመኪና ውድድር። ሃያ አራት ሰዓት የማያባራውን፣ ሌሊቱ ከቀኑ የሚብሰውን «ለማን»! በ1995 ታካሃሺና ጹቺያ ከአኪራ ኢዳ ጋር በአንድ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ እየተቀያየሩ ነድተው ጂቲ2 የተባለውን ምድብ አሸነፉ። መምህሩ በዚያን ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር፤ ተማሪው ደግሞ ያው የመምህሩ ወንበር ላይ እየተቀመጠ መሪውን ይረከበዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ጹቺያ በቶዮታ ተመልሶ ሄደና ከጠቅላላው 2ኛ ወጣ። አብረውት የነዱት ቶሺዮ ሱዙኪና ኡክዮ ካታያማ ነበሩ። ካታያማን መቼም አስተዋውቅህ አልልም፤ የፎርሙላ ዋን ሰው ነው። የአንተው ሰው ከእኛው ሰው ጋር አንድ መኪና ተጋርቷል።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ውርስ ነው። በብዙ ሙያ መምህርና ተማሪ በስም ይገናኛሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ መሪ፣ በአንድ ሌሊት ተገናኝተዋል። ታካሃሺ በ2022 በ82 ዓመቱ አረፈ። በዓለም ላይ ስንት ወጣት ያንን ሽርተታ እየሠራ ስሙን እንደማያውቀው ሳስብ ያናድደኛል።

ጓደኛዬ ግን በቀላሉ አይረታም። «ሰዓት የማይለካው፣ ዳኛ ወዶ የሚሰጠው ነጥብ ስፖርት ነው እንዴ?»

ታዲያ ጂምናስቲክስን ከኦሎምፒክ አስወጣልኝ! ከማማ ላይ ውኃ ውስጥ የሚዘልሉትንም አስወጣ። እነሱን የሚለካቸው ሰዓት ነው? የድሪፍት ዳኛ የሚያየው የታወቀ ነው፤ መኪናው የተሰመረለትን መስመር ጠብቋል ወይ፣ ምን ያህል ማዕዘን ይዟል፣ በምን ፍጥነትና በምን ድፍረት ነው የገባው። በመንገዱ ላይ የሚነኩ ቦታዎች አሉ፤ በውስጠኛው ጫፍ የፊት ፓራውልቱ፣ በውጭኛው ጫፍ የኋላው መቅረብ አለበት። በጃፓኑ ዲ1 ውድድር ደግሞ ማዕዘንና ፍጥነትን የሚለካ መሣሪያ መኪናው ላይ ይገጠማል። ወዶ መስጠት የት አለ?

ደግሞ አንድ መኪና ብቻውን ሲንሸራተት ያየ ሰው ድሪፍትን አየሁ አይበል። ዋናው ፍልሚያ የሁለት ነው። አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይከተላል፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። መሪው እንከን የሌለው ጉዞ መሥራት አለበት፤ ተከታዩ ደግሞ ከጎኑ ተለጥፎ ማዕዘኑን በማዕዘን፣ ግልበጣውን በግልበጣ መመለስ አለበት። ተከታዩ የሚያየው ጭስ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ በሩ ከሌላው መኪና ፓራውልት እጅ በማያስገባ ርቀት ላይ ነው ያለው፤ ሁለቱም በጎናቸው፣ ሁለቱም መንገዱን በለቀቀ ጎማ። መሪው ሆን ብሎ ፍጥነት ቢቀንስበት ጥፋቱ የመሪው ነው፤ ተከታዩ ያለ ምክንያት ቢገጨው ጥፋቱ የተከታዩ ነው። ዳኞቹ መለየት ካቃታቸው ተወዳዳሪዎቹ እንደገና ይነዳሉ። ተረብ ማለት ይህ ነው ወንድሜ፤ ቃል ሳይወጣ ምላሽ። የመሪውን ሐሳብ ገና ሳይጨርሰው የሚመልስለት ሰው ነው የሚያሸንፈው።

ይህን ፍልሚያ ሥርዓት ያስያዙት እነማን መሰሉህ? ጹቺያ ራሱና የመኪና መጽሔት አዘጋጁ ዳይጂሮ ኢናዳ ናቸው፤ ዲ1 ግራንድ ፕሪ ከእነሱ ተወለደ። በ2003 ካሊፎርኒያ ኢርዊንዴል ድረስ ወስደው አሳዩት። አሜሪካኖቹ በዓመቱ ፎርሙላ ድሪፍት የተባለውን የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ግን የወሰደው ስዊድናዊው ሳሙኤል ሁቢኔት ነው። በ2012 ጃፓናዊው ዳይጎ ሳይቶ ወሰደው። ከዚያ ኖርዌያዊው ፍሬድሪክ ኦስቦ መጣ። አየርላንዳዊው ጄምስ ዲን በ2017፣ በ2018ና በ2019 ተከታትሎ ወስዶ በ2024 ደግሞ ደገመው። ከአንዲት የአየርላንድ ገጠር የወጣ ልጅ አሜሪካ ገብቶ አሜሪካኖቹን በሜዳቸው አስቀመጣቸው። ይህ ወዶ የተሰጠ ነጥብ ነው?

«መኪናው ነው እንጂ ሰውየው ምን ሠራ! አንድ ሺህ ፈረስ ጉልበት ለእኔም ስጠኝ!»

ብሰጥህ ከፓርኪንጉ አትወጣም። ዛሬ በትልልቁ ውድድር ላይ ከአንድ ሺህ ፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው መኪኖች አሉ፤ እውነት ነው። ስተርዞው ተሻሽሎ የፊት ጎማው ከተራ መኪና እጅግ ርቆ ይዞራል፣ ዲፈረንሻሉ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲያዞር ተደርጓል፣ የእጅ ፍሬኑ ሌላ ነው። ነገር ግን ሁሉም ተወዳዳሪ ይህ አለው። ሁሉም ያለው ነገር ማንንም አያስቀድምም።

ጹቺያ ስሙን የሠራበትን መኪና ልንገርህ። ቶዮታ በ1983 አዲሱን የኮሮላ ትውልድ ወደ ፊት ጎማ ሲያዞር ኮሮላ ሌቪንና ስፕሪንተር ትሩኖ የተባሉትን ስፖርታዊ መኪኖች በኋላ ጎማ አስቀራቸው። ኤኢ86 ይባላሉ። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች። ይኸው ነው! ጉልበት ስለሌለው ፍጥነት ያባከነ ሰው መልሶ አያገኘውም፤ ስለዚህ የገባበትን ፍጥነት ይዞ በሽርተታ መውጣትን ያስተምራል። ጉልበት የሌለው መኪና ነው ጉልበተኛ ሾፌር የሠራው። ሹይቺ ሺጌኖ በ1995 የጀመረው «ኢኒሻል ዲ» የተባለው የሥዕል ታሪክም ይህንኑ መኪና ለአንድ የቶፉ አመላላሽ ልጅ ሰጥቶ በዓለም አስወደደው።

ሩቅ አገር የሚመስለው ነገር ደግሞ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «ዲኤክስ» ከምንላቸው የድሮ ኮሮላዎች መካከል በኋላ ጎማ የሚሄዱት የዚሁ ቤተሰብ ታላላቆች ናቸው። ሰማያዊና ነጭ ላዳዎቻችንም የሚሄዱት በኋላ ጎማ ነው። መካኒኮቻችን እነዚህን መኪኖች ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱና ይገጥሟቸዋል። ያ ዕውቀት አንድ ቀን ሜዳ ቢያገኝ የሚሠራውን ማየት እፈልጋለሁ።

እትዬ ከወጥ ቤት ሆነው ሲሰሙን ኖረዋል። «ጎማው ግን አያሳዝናችሁም? የስንት ሰው ደመወዝ ነው እንዲህ ጭስ የሚሆነው!»

ያሳዝናል እትዬ፣ አልዋሽዎትም። ውድድር ወጪ አለው፤ በዚህ ስፖርት ወጪው ጎማ ላይ ይታያል። ሲጀመር ግን የሀብታም ልጅ ጨዋታ አልነበረም። የጃፓን ልጆች ርካሽ አሮጌ መኪና ገዝተው፣ ሌላው የጣለውን ጎማ ገጥመው፣ ራሳቸው ጋራዥ ውስጥ ተኝተው እየጠገኑ ነው የተማሩት። ዛሬም ትምህርቱ ውኃ በፈሰሰበት ሜዳ ላይ ሊሰጥ ይችላል፤ እርጥብ ላይ ጎማው ብዙም አይበላም። በ2017 ዮሐን ሽዋርትስ የተባለ አሠልጣኝ አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ እርጥብ ሜዳ ላይ ቢኤምደብሊው ኤም5 ይዞ ለስምንት ሰዓት ተንሸራተተ፤ 374 ኪሎ ሜትር! ነዳጅ የተቀዳለትም እየተንሸራተተ፣ ከጎኑ ከተለጠፈ ሌላ የሚንሸራተት መኪና ነው።

«ፍጥነቱስ? ልጄ፣ ሲፈጥን ነው እኔን የሚያስፈራኝ።»

ፍጥነቱ አለ እትዬ። በ2016 ማሳቶ ካዋባታ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ ፉጃይራ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በኒሳን ጂቲአር በሰዓት 304.96 ኪሎ ሜትር እየበረረ ተንሸራትቷል። ግን የት እንደሠራው ልብ ይበሉ። ባዶ ማኮብኮቢያ ላይ ነው። ልጅ የሚያቋርጠው መንገድ ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ የመጨረሻው ወርዋሪ መጣ፤ ዕድሜው ለጋ፣ ምላሱ ስል። «ብሮ፣ እኔም ድሪፍተር ነኝ! ማታ አስፋልቱ ላይ አሳየኋቸው፣ ሰዉ ሁሉ ቪዲዮ አነሳኝ!»

ማንን ነው ያሳየኸው? መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠዋን እናት? ከሥራ የምትመለሰዋን ልጅ? ዳኛህ ማነው? መስመርህን ያሰመረልህ ማነው? ግንቡ ቢመጣ ማን ያወጣሃል? ሄልሜት የለህ፣ የደኅንነት ብረትህ የለ፣ አምቡላንስ አልቆመልህ። ድሪፍተር ከሆንክ በሁለተኛው ዙር ያንኑ ቦታ ንካው፤ ከአንድ ክንድ አትራቅ። አትችልም። ስለማትችል ነው ሌሊት የመረጥከው።

«ጹቺያስ በተራራ መንገድ ላይ አይደል የጀመረው?»

ነው። አልደብቅህም። በ1987 በተራራ መንገድ ሲነዳ የሚያሳየው «ፕላስፒ» የተባለው ቪዲዮ ወጣና የውድድር ፈቃዱን አገዱበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ያጠፋው ግን ውድድሩን ወደ አጥር ውስጥ በማስገባት ነው። አንተ የወረስከው ያስቀጣውን ነው፤ ያስከበረውን ተውከው።

የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ጠይቅ፤ እዚያ የሚሠሩ ዘመዶችህ ይነግሩሃል። በሳዑዲ ሰፊ አውራ ጎዳናዎች ላይ ወጣቶች ተራ የቤት መኪና ይዘው በተመልካች መካከል ሲንሸራተቱ ስንቶች ሞቱ! ሾፌሩ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ቆሞ የሚያየው፣ ስልኩን ደግኖ የሚቀርጸው ጭምር ነው። ሕጉ በመጀመሪያው ጥፋት ብቻ 20 ሺህ ሪያል እስከ መቅጣት የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደቡብ አፍሪካን ደግሞ ጠይቅ። ሶዌቶ ውስጥ በ1980ዎቹ ቢኤምደብሊው እየያዙ በአንድ ቦታ ማሽከርከር የወሮበሎች የቀብር ሥርዓት ነበር። ሟቹን በጭስ ነው የሚሸኙት። ሰፈሩ ይፈራዋል፣ ፖሊስ ያሳድደዋል። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ሜዳ ጠየቁ፣ አጥር ሠሩ፣ ሄልሜት አደረጉ፤ በ2014 የአገሪቱ የሞተር ስፖርት ማኅበር እንደ ስፖርት ተቀበለው። ዛሬ ቤተሰብ ትኬት ቆርጦ ይገባል። ስቴሲ-ሊ ሜይ የተባለች ወጣት ከኤልዶራዶ ፓርክ ተነሥታ በዚሁ ሙያ «የጭስ ንግሥት» ተብላለች፤ መኪናውን ያስተማራት አባቷ ነው። «የወንድ ሥራ ነው» ለሚሉትም መልሱ እሷ ናት። ያ የወሮበላ ቀብር የነበረ ነገር አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሙያ ሆነ። በአንድ ትውልድ!

ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ የት ልሂድ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ስል ምላሽ አልነበረኝም፤ ጥያቄው እውነተኛ ነውና። የሚሄድበት የለውም። ተንሸራትቶ የሚማርበት፣ ስቶ የሚተርፍበት፣ አዋቂ ቆሞ «አሁን ነዳጅ ስጥ፣ አሁን ልቀቅ» የሚለው ቦታ ሳንሰጠው እንዲሁ እናሳድደዋለን። ማሳደዱ ተገቢ ነው፤ ሰው ይሞታልና። ብቻውን ግን አይበቃም።

ስለዚህ ሰፊ የተነጠፈ ሜዳ በእጃችሁ ያለ፣ ቅዳሜና እሑድ ባዶውን የሚውል ግቢ የምታስተዳድሩ፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ያላችሁ፣ የመንገድ ደኅንነት የሚገዳችሁ ሁሉ፦ አንድ የታጠረ ሜዳ፣ የውኃ ቦቴ፣ የጎማ አጥር፣ አንድ አምቡላንስና ሕግ አዋቂ ዳኛ በቂ መነሻ ነው። እንደ ጋሼ ያሉ ዳገትና ቁልቁለት ያሠለጠኗቸው ሾፌሮች በሕይወት አሉ፤ ለማስተማር ጥሯቸው። እናንተ ልጆች ደግሞ ሜዳው እስኪገኝ ማታ ማታ አስፋልት ላይ መውጣቱን ተዉት፤ መኪናችሁን ፈታችሁ ገጥማችሁ እወቁት፣ ስማችሁን ጽፋችሁ በአንድነት ሜዳ ጠይቁ። ስትጠይቁ እኔንም ጥሩኝ፤ አብሬያችሁ እፈርማለሁ።